ያገገመው መሬት

ቀንበጡን ያሰሩት ሰዎች ተጠንቅቀው ነው ያሰሩት። ገና ያልተገለጠ ለጋ የዘንባባ ቅጠል ነው። ቢጫው ከነወዙ በማሳው አራት ማዕዘን በተተከሉ እንጨቶች ላይ ተጠምጥሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዘርግቷል። በኡሙዴሬ መንደር እንዲህ ያለ ቀንበጥ የታሰረበትን መሬት ባለቤቱም አይረግጠውም፣ ሌባም አይደፍረውም። ፍየል እንኳ ብትገባበት ባለቤቷ ይቀጣል። የዘመዳማቾቹ ሸንጎ ተሰብስቦ እስኪፈርድ ድረስ ነገሩ ባለበት ይቆማል።

አዳኩ መቆፈሪያዋን በትከሻዋ፣ ቅርጫቷን በራሷ ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። ከቀንበጡ ወዲያ ካሳቫዋ ቆሟል። አሥር ወር የሞላው፣ ግንዱ የልጅ ክንድ የሚያክል፣ ሥሩ ከውስጥ እየገፋ አፈሩን የሰነጠቀ ካሳቫ ነው። ዛሬ የመጀመሪያውን ቅርጫት ልትነቅል ነበር የመጣችው። ከመንገዱ ዳር ደግሞ ማንም ያልነካው የፕሮጀክቱ ሰሌዳ ተገትሯል፦ «ሞዴል ማሳ፤ በማዳበሪያ የተሻሻለ የካሳቫ ምርት»። ከሥሩ የድርጅቶች ዓርማ ተደርድሯል። የአዳኩ ስም የለም። ቦታ አልበቃ ብሎ ነው ብሏታል የልማት ሠራተኛው።

ማን እንዳሳሰረው መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቅርጫቷን ከራሷ አውርዳ መሬት ላይ ወረወረችና በመጣችበት ተመለሰች።

በኡሙዴሬ ቦዬ፣ ያ ወፍራሙ ሥራ ሥር፣ የወንድ ነው፤ ካሳቫ የሴት። ይህን ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ የሚከራከርም የለም። ለዓመታት አርፎ የወፈረ መሬት ሲገኝ ወንዶቹ ቦዬ ይተክሉበታል። አፈሩን ይከምራሉ፣ ድጋፉን ይተክላሉ፣ በመከር ጊዜ ይፎክራሉ። መሬቱ ሲደክም በቆሎ ይገባበታል። ጨርሶ ሲሞት፣ እንሽላሊት እንኳ ጥላ ስታጣበት፣ ያን ጊዜ «በሉ እንግዲህ ሴቶች፣ ካሳቫችሁን ትከሉ» ይባላል። ይህም ልግስና ተብሎ ይቆጠራል።

የአዳኩ ባል ዲምግባ ሲሞት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበር የተወላት። የሟቹ ታላቅ ወንድም አኑሙዱ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን መንገድ ዳር ያለውን ማሳ በጣቱ አሳያት፦ «ያውልሽ፣ የኬሌቺ እናት፣ እዚያ ላይ ልጅሽን አሳድጊ።» ማሳው ያኔ እንደ ሰሚንቶ ወለል ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሳይገባበት ነው የሚያልፈው።

አሳደገችበት። ኬሌቺን ድራ አባ ወደምትባል ከተማ እስክትሸኛት ድረስ ያንን ድንጋይ ስትቧጥጥ ኖረች። ከዚያ የፕሮጀክቱ ሰዎች መጡና ስለ ማዳበሪያ አወሩ። ሁሉም ሰምቶ፣ የተሰጠውን ለስላሳ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ አዳኩ ብቻ ገበያ ወጥታ ገዛች። የገዛችው ግን ዩሪያ ብቻ ነበር፤ ሻጩ ያለው እሱ ነዋ። የዚያን ዓመት ካሳቫዋ ሰው ዋጠ። ቅጠሉ እንደ ጫካ ጠቁሮ ከራሷ በላይ ሄደ። ብትቆፍረው ከሥር የወጣው እንደ ጣት የቀጠነ ነገር ነው።

ያኔ መላው ኡሙዴሬ ሳቀባት። «ፍየል ልታረቢ ነው እንዴ፣ የኬሌቺ እናት?» ይሏታል በመንገድ ሲያልፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሥር የሚያፋፋውን፣ ፖታሽ የበዛበትን ዓይነት አስመጣች። ከከተማ ዶሮ አርቢዎች ዘንድ ኩስ በጆንያ ተሸክማ አመጣች። ሽታው ከትከሻዋ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀም። አረሟን አርማ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋ ዙሪያውን ቀብራ፣ አፈር መለሰችበት። አፈሩ ቀስ እያለ ጠቆረ። ትል ታየበት። ሥሩ ክንድ አከለ።

ሳቁ ግን አልቆመም፣ መልኩን ቀየረ እንጂ። አሁን የሚስቁት ሴቶቹ ናቸው። «ማዳበሪያ የበላ ካሳቫ ሲገነፋ ፉፉው አይይዝም፤ እንደ አጥሚት ይፈሳል» ማለት ጀመሩ። በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ቤት፣ እሷ ያመጣችውን ፉፉ ክዳኑን ገለጥ ያደርጉና አፍንጫቸውን ይዘው ይመልሱታል። ስለዚህ ለከተማ ነጋዴ ትሸጣለች። የከተማ ሰው አፍንጫ የለውም መሰለኝ፤ ተሻምቶ ይገዛላታል።

አኑሙዱ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ መፋቂያ ያኝካል። ቀይ ቆቡን ደፍቷል። ቆቡ የኤዜጂነት ምልክት ነው፤ የቦዬ ንጉሥ ማለት ነው። ማዕረጉን የተቀበለው ጎተራው ሙሉ በነበረ ዘመን ነው። ጎተራው ከጎደለ ቆይቷል፤ ቆቡ ግን አልጎደለም።

«ሚስታችን! መጣሽ?» አላት።

በኡሙዴሬ የዘር ወንዶች ሁሉ የወንድማቸውን ሚስት «ሚስታችን» ይሏታል። የደቦ ሥራ ሲኖር የሁሉም ሚስት ናት። ስትቸገር የሟች ሚስት ናት።

«ዴዴ» አለች፤ ታላቅ ወንድምን ማክበሪያ ነው። «ማሳዬ ላይ ቀንበጥ ታስሯል።»

«አዎ፣ አሳስሬዋለሁ። ተቀመጪ እንጂ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምን ታጠፊያለሽ! ጎበዝ ነሽ። ያ መሬት ሞቶ ነበር፣ አገገመ። ያገገመ መሬት ደግሞ ወደ ቦዬ ይመለሳል። ወጉ ነው፤ እኔ አላወጣሁት።»

«መሬት ብቻውን ያገግማል እንዴ? ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ያንን የዶሮ ኩስ በራሴ ተሸክሜ ሳልፍ እርስዎ አይደሉም እንዴ አፍንጫዎን ይዘው መስኮት የዘጉት?»

«ማን ካደ? እጅሽ በረከት አለው። ለዚህ እኮ ነው ሌላ ልንሰጥሽ ያሰብነው። ያ ከኮረብታው ጀርባ ያለው።»

«ጠጠሩን?»

«ታድኚዋለሽ።»

«ካዳንኩት በኋላስ?»

አኑሙዱ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ጫፉን መረመረ። «እግዜር ያውቃል» አለ ረጋ ብሎ። «ደካማ መሬት አይጠፋም።»

አዳኩ ደሟ ፈላ። ሰውየው እየቀለደ አለመሆኑ ነው የባሰባት። ቢቀልድ ደህና ነበር። እሱ ግን በሙሉ ልቡ፣ በሙሉ ቅንነት፣ ከሞተ ማሳ ወደ ሞተ ማሳ እያዘዋወረ እስክትሞት ሊያስፈውሳት አስቧል። የዘሩ የመሬት ሐኪም አድርጎ ሾሟታል፤ ያለ ደመወዝ።

«አምና በአዲሱ ቦዬ በዓል ቀን የኔን ፉፉ መለሱ» አለች። «‹ማዳበሪያ የነካው ነገር በአባቶቼ ፊት አይቀርብም› አሉ። በሰው ፊት ነው ያሉት።»

«አሁንም እላለሁ።»

«ታዲያ እዚያ ማሳ ላይ የሚተክሉት ቦዬ ምን ሊበላ ነው? ፀሎት?»

«መድኃኒቱን ካሳቫሽ በልቶ ጨርሶታል» አለ አኑሙዱ፣ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ያሰበበት እንደሆነ ያስታውቃል። «ለቦዬዬ የሚተርፈው ንጹሑ ነው።»

ለልማት ሠራተኛው ስልክ ደወለች። ኦሲናቺ ይባላል፤ የፕሮጀክቱን ሸሚዝ የለበሰ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ጎልማሳ ነው። በሞተሩ ከንፎ መጣና ቀንበጡን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«እማማ፣ ይሄ ነገር እስከ ንክዎ ገበያ ቀን ይነሳል?»

«አንተ ነህ የምታስነሳው።»

«እኔ? እኔ ምን አገባኝ? እንግዶች አሉብን እኮ! በንክዎ ቀን የመስክ በዓል ነው፤ ከዋና ከተማ ነው የሚመጡት። ድንኳን አዝዘናል።»

«መሬቱን እየወሰዱብኝ ነው ኦሲናቺ። ሰሌዳችሁን የተከላችሁበትን መሬት።»

ኦሲናቺ እጁን አጣመረ። እንደ ማዘንም አደረገው። «እማማ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የኛ ፕሮጀክት አፈሩን ነው የሚያየው። መሬቱን አይመለከትም።»

አዳኩ ትክ ብላ አየችው። «አፈሩ ታዲያ የት ላይ ነው የተቀመጠው ልጄ? ደመና ላይ?»

«ማለቴ በፕሮጀክቱ ሰነድ...»

«ሂድ ወዲያ! ሰሌዳ ባትተክልብኝ ማን ያየኝ ነበር?»

እሱም ሞተሩን አስነሳ። ሲሄድ ዞር ብሎ «ግን ለእንግዶቹ ትልልቁን ሥር መርጠሽ ታቆዪልናለሽ አይደል?» አላት።

ሸንጎው በማግስቱ በትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የኮላው ፍሬ ተባረከ፣ ተቆረሰ፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል ታደለ። ለሴት አይደርስም። አዳኩ ከጥላው ውጪ ፀሐይ ላይ ቆመች። አኑሙዱ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመካከላቸው አንዱ ስለ ድሮ ቦዬ ውፍረት ረዥም ወሬ ጀመረ፤ ሁሉንም ደስ አላቸው። ከዚያ ፈረዱ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ አዳኩ እንድትናገር ተፈቀደላት።

ፍርዱ ይህ ነው፦ መሬቱ አገግሟልና ለአኑሙዱ ይመለስ። ቀንበጡን በንክዎ ቀን በእንግዶቹ ፊት ራሱ ይፍታው፣ ለኡሙዴሬ ክብር ነውና። ከዚያ አዳኩ ከአራት ቀን በኋላ እስከሚውለው ቀጣይ ንክዎ ካሳቫዋን ሙልጭ አድርጋ ነቅላ ትልቀቅ።

«በአራት ቀን ውስጥ?» አለች። «ካሳቫ ከተነቀለ በሦስተኛው ቀን ሆዱ ይጠቁራል። ያን ሁሉ ማን ይልጠው? ማን ይፍጨው? መሬት ውስጥ ነው ጎተራው፤ እንደ ፍላጎቴ እየነቀልኩ እስከ ክረምት ልበላው የነበረውን በአራት ቀን አውጥቼ ላበስብሰው ነው?»

«ጎረቤት ያግዝሽ» አለ አንዱ።

«የኔ ጎረቤቶች እናንተ አይደላችሁም?»

ጥቂቶቹ ሳቁ። ትልቁ ሽማግሌ በትሩን አንቀሳቀሰና «ሚስታችን፣ ድምፅሽን ቀንሺ» አለ። ቀጥሎም፣ ሊበተኑ ሲሉ፣ እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረገው፦ «እንግዲህ የሴቶቻችን ማሳ እንዲህ የሚያገግም ከሆነ ሌሎቹንም ማየት ነው። አኑሙዱ፣ ከበዓሉ ማግስት ዞር ዞር ብለህ መርምርልን። ያገገመ ካለ ወደ ቦዬ ይመለስ።»

ስለዚህ በዚህ አገር መሬት ማዳን ወንጀል ነው። ማሳሽን ከገደልሽ ያንቺ ነው። ካደንሽው ትነጠቂያለሽ። አዳኩ እርር ድብን እያለች ሄደች። ወደ ቤቷ አልነበረም የሄደችው።

የዘሩ ሚስቶች በእማማ ምግባፎር ግቢ ተሰብስበው ካሳቫ ይልጣሉ። ምግባፎር ከሁሉም አንጋፋ ናት። ሁለት ባል ቀብራለች፣ ምላሷ ግን አልደከመም። በዙሪያዋ የልጣጭ ክምር፣ የቢላ ድምፅ፣ የሐሜት ጩኸት አለ። አዳኩ ስትገባ ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«ተቀመጪ፣ ባለ ሰሌዳዋ» አለች ምግባፎር።

«አልቀመጥም። ማሳዬን ወሰዱት።»

«ሰምተናል።»

«ሰምታችሁ ትልጣላችሁ?»

«ካሳቫው ይጠብቀናል እንዴ? ደሞስ ምን ታደርጊ ብለሽ ነበር? መንገድ ዳር ሰሌዳ ተክለሽ፣ በአዲስ ቀሚስ ፎቶ ተነስተሽ፣ ‹ኑ እዩኝ› አልሽ። መጡ፣ አዩሽ።»

ሴቶቹ ተሳሳቁ። አዳኩ ቆሽቷ አረረ። «እናንተማ ምን ታውቃላችሁ! ‹ፉፉው ይፈሳል› ስትሉ ሁለት ዓመት በሰው ፊት አሳፈራችሁኝ። ያ ሁሉ የእናንተ ቢጫ ካሳቫ ...»

«ዝም በይ!» አለች ምግባፎር። ቢላዋን አስቀመጠች። ወደ በሩ ተመለከተች፤ ወንድ የለም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የወንዙ ዳር ማሳዬ ስንት ዓመት ያለ ዕረፍት ያበላኝ ይመስልሻል?»

ምግባፎር ቢላዋን መልሳ አነሳች።

«አመድ እጥልበታለሁ። የፍየል ፋንድያ እጥልበታለሁ። ልጄ ከኦኒቻ ከተማ ማዳበሪያ በጨው ከረጢት ይልክልኛል፤ ሰው ሲጠይቀኝ ጨው ነው። ከመንገድ በኩል ያለውን ረድፍ ግን አንድ ጭብጥ አላቀምሰውም። ቢጫ ሆኖ፣ ሟምቶ ይቆማል። ወንድ ሲያልፍ እሱን ያያል፣ ‹አይ የሴት ማሳ!› ይላል፣ ምራቁን ይተፋል፣ ያልፋል። ከጀርባው ያለውን አያይም።»

«እኔ አረሙን ዳር ዳሩን አልነካውም» አለች አንዷ ሳታፍር።

«እኔ ደግሞ ቅጠሉን ከመንገድ በኩል እየገነጠልኩ ወጥ እሠራበታለሁ። በሽታ የመታው ይመስላል» አለች ሌላዋ፣ ሳቋን እየዋጠች።

አዳኩ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። ሁሉም። ሁሉም ያደርጉታል! «ፉፉው ይፈሳል ያላችሁትስ?»

«እና ምን እንበል?» አለች ምግባፎር። «‹ይጣፍጣል፣ ያጠግባል› እንበል? ወንዶቹ ሰምተው መቆፈሪያ ይዘው እንዲመጡ? ማዳበሪያ ምግብ ያበላሻል ካልናቸው አያዩትም። ተሳክቶልን ነበር። አንቺ እስክትመጪ!»

ያን ጊዜ የአዳኩ ንዴት አዲስ መንገድ አገኘ። እነዚህ ሴቶች ድስቷን እየከደኑ የመለሱባት፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ያስቀመጧት፣ አውቀው ነው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ!» አለች። «አንዳችሁ በጆሮዬ ሹክ ብትሉኝ ምን ነበረበት?»

«ልንነግርሽ ስንመካከር ነው ሰሌዳው የቆመው።»

«ውሸት። ስታፍሩ ነው። እኔ በላቤ የሠራሁትን ለምን እደብቃለሁ? ከማን ሰረቅሁት?»

«እኛስ ከማን ሰረቅን?» አለች ምግባፎር ተቆጥታ።

«ከማንም! ታዲያ በገዛ ማሳችሁ ላይ ለምን እንደ ሌባ ትኖራላችሁ?»

ቢላዎቹ ቆመው ቀሩ። በኡሙዴሬ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

«ለማንኛውም» አለች አዳኩ መቆፈሪያዋን ከትከሻዋ እያወረደች፣ «መደበቁም አይጠቅማችሁም። ከበዓሉ ማግስት አኑሙዱ የሁላችሁንም ማሳ ሊመረምር ታዟል። ከመንገድ ላይ ሆኖ አይደለም፤ ውስጥ ገብቶ። ያገገመ ካገኘ ይወሰዳል።»

«ማን አለ?»

«ሸንጎው። አሁን። በጆሮዬ።»

ምግባፎር በእጇ የያዘችውን ካሳቫ ግማሹን ሳትልጥ ገንዳው ውስጥ ወረወረችው። ውኃው ሁሉንም ረጨ። «የወንዙ ዳሩን?» አለች። «የኔን የወንዙ ዳር? እኔ አሮጊቷ በፋንድያ ጀርባዬን ያጎበጥኩበትን?» ተነሳች። ጉልበቷ ተንቋቋ። «እንቀመጥበት።»

በኡሙዴሬ ሴቶች «እንቀመጥበት» ሲሉ ወንበር አያመጡም። ዘነዘና ያመጣሉ። ራሳቸው ላይ ቅጠል ያስራሉ፣ ወዳስቀየማቸው ሰው ይሄዳሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይደንሳሉ፣ የሰውየውን ነውር ከነስሙ ከነአያቱ ያወጡታል። በደሉን እስኪሽር ድረስ አይሄዱም። ቤታቸው ምጣድ አይጣድም። ወንዶቻቸው ተርበው ራሳቸው ይለምኑላቸዋል።

በንክዎ ቀን ድንኳኑ በማሳው ዳር ቆመ። መኪኖች መጡ። ከመኪኖቹ የወረዱት እንግዶች ጭቃ እንዳይነካቸው ቦት ጫማ አድርገዋል፤ ጭቃ ግን አልነበረም፣ የካቲት ነው። አኑሙዱ በፊት ረድፍ፣ በትልቁ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ቀይ ቆቡን ደፍቶ ተቀምጧል። ኦሲናቺ ማይክሮፎን ይዞ «ተባባሪ ባለ መሬታችን» ብሎ አስተዋወቀው። አጨበጨቡለት። አዳኩ ከሰሌዳው ጀርባ ቆማለች፤ ለሷ ወንበር አልደረሰም።

ሴቶቹ ከመንገዱ ታጠፉ። አንድ ሠራዊት ናቸው። ምግባፎር ከፊት ናት፣ ቅጠሏን እንደ ዘውድ ደፍታለች። ዘነዘናቸው መሬቱን በአንድ ላይ ሲመታው የእንግዶቹ የውኃ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ዘለሉ።

አኑሙዱ ጀግና፣ አኑሙዱ ደህና፣
መበለት ማረከ ጦር ሜዳ ወጣና!

«ኦ!» አለች አንዲት እንግዳ፣ ስልኳን ለቪዲዮ እያወጣች። «ባህላዊ ጭፈራ!»

ቦዬህ ቀጥኖ ቀርቶ መስሎ የአይጥ ጅራት፣
በሴት ላብ ልትወፍር ገባህ በሌብነት!

ዋናው እንግዳ፣ ሆዱ ከቀበቶው ያለፈ ትልቅ ሰው፣ በዜማው ተማርኮ ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ። «ምን እያሉ ነው?» አለው ኦሲናቺን፤ የሌላ አገር ተወላጅ ነው።

ኦሲናቺ ላብ በላብ ሆኗል። «ስለ ማዳበሪያው ... ስለ ማዳበሪያው ያላቸውን ደስታ እየገለጹ ነው ክቡርነትዎ።»

«ድንቅ ነው! ድንቅ ነው!»

አኑሙዱ መጀመሪያ ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ሊነሳ ሞከረ። የትም መሄጃ የለም፤ ዘነዘናው ወንበሩን ከቦታል። የገዛ ሚስቱን ከመካከላቸው አያት፤ ከሁሉ አብልጣ የምትጮኸው እሷ ናት፣ ጓዳውን ስለምታውቅ ግጥሟም የበሰለ ነው። ስንት የበሰበሰ ቦዬ በጎተራው እንዳለ፣ ለበዓሉ ከገበያ ገዝቶ «ያበቀልኩት ነው» ብሎ እንዳቀረበ፣ ሁሉን ዘረገፈችው። አንዱ ዘነዘና በጭፈራው መሀል ቀይ ቆቡን ጠለፈና መሬት ላይ ጣለው። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

አዳኩ ከሰሌዳው ጀርባ ወጥታ ፊቱ ቆመች። አልዘፈነችም።

«ዴዴ» አለች፣ እሱ ብቻ እንዲሰማት። «ቀንበጡን ይፍቱ።»

«ልፈታው እኮ ነው የመጣሁት።»

«ለራስዎ ሳይሆን ለኔ ይፍቱት። የሌሎቹን ማሳ ደግሞ አልረግጥም ይበሉ። ጮክ ብለው።»

«በእንግዳ ፊት አታዋርጂኝ፣ ሚስታችን።»

«ሚስትዎ እዚያ ነው ያለችው፤ ይሰሟታል አይደል? እኔ የዲምግባ ሚስት ነኝ። እነዚህ ሴቶች ዛሬም ነገም አይሄዱም። ወንዶቹ ራት ሲያጡ ወደ ማን የሚመጡ ይመስልዎታል?»

አኑሙዱ ሽማግሌዎቹን በዓይኑ ፈለጋቸው። ሽማግሌዎቹ ሰማዩን ሲመለከቱ አገኛቸው። ምግባፎር ደግሞ አዲስ ግጥም ልትጀምር ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ስለ እናቱ ነው።

ተነሳ። «የአዳኩ ማሳ የአዳኩ ነው!» አለ፣ ድምፁ ተሰነጣጥቆ። «የሴቶቹን ማሳ አልረግጥም!» ወደ እንጨቱ ሄዶ ቀንበጡን መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ጠንክሮ አስቸገረው።

እንግዶቹ በአንድነት ተነስተው አጨበጨቡ፤ የምረቃ ሪባን ነው የመሰላቸው። ፎቶ አንሺው ሮጦ መጣና «ክቡር አባት፣ አላነሳሁትም! ይኸኛውን ማዕዘን ደግሞ፣ ወደኔ ዞረው፣ ፈገግ ብለው» አለው። አኑሙዱ ሁለተኛውን ማዕዘን ወደ ካሜራው ዞሮ፣ ፈገግ ብሎ ፈታው።

በማግስቱ ሸንጎው እንደገና ተቀመጠና የሆነውን ሁሉ የራሱ ውሳኔ አደረገው። አዳኩ ማሳውን በሕይወት እስካለች ትያዘው አለ። ከዚያም እንደ ወጉ የተፈረደለት ሰው የዘንባባ ጠጅና ኮላ ይዞ መጥቶ እስኪያመሰግን ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

አዳኩ ማሳዋ ውስጥ ነበረች። ሥሩን ሳትሰብር ለማውጣት ግንዱን ይዛ ወዲያ ወዲህ እያነቃነቀች ሳለ ከዘሩ ጎልማሶች አንዱ መጣና መንገድ ዳር ቆመ።

«የኬሌቺ እናት፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል።»

«ይቀመጡ።»

«ምስጋናሽን ነው የሚጠብቁት እኮ።»

«ስለ ምኑ?»

«መሬቱን ስለሰጡሽ ነዋ። ትልቅ ነገር ነው፤ እስክትሞቺ ያንቺ ነው ብለዋል።»

አዳኩ ቀና አለች። እጇ አፈር ብቻ ነው፣ ጥቁር፣ ወፍራም አፈር። «ከሞትኩ በኋላስ? ኬሌቺስ?»

ሰውየው ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን እንኳ ... ሴት ልጅ ናት፣ ያውም አግብታለች። ያኔ ማሳው እንደሁኔታው ይታያል ብለዋል።»

«እንደሁኔታው።»

«እንዲህ ነው ያሉት። እኔ መልእክተኛ ነኝ።»

አዳኩ ጎንበስ ብላ ግንዱን በሁለት እጇ ጨበጠች፣ ተረከዟን አፈሩ ውስጥ ቀበረች። ፊቷ ከንዴት ይሁን ከጉልበት ቀልቷል።

«እንግዲያው አልሞትም» አለች። «ሂድና ንገራቸው። ጠጅም የለኝ፣ ኮላም የለኝ፣ ልሞትም አልፈልግም አለች በላቸው።»

ሰውየው ይህን መልእክት እንዴት አድርጎ ለሽማግሌ እንደሚያቀርብ እያሰበ ቆሞ ሳለ አፈሩ ተሰነጠቀና ሥሩ ግንድ አክሎ፣ ሳይሰበር ወጣ።